ለቡቺ ጭንቅላት ልክ

እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ባለቤቴ ሥራ ገብቷል፣ የ5 ዓመቷ ልጃችን ሶፋው ላይ ካርቱን ታያለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ተኝቶ የነበረው ቡቺ ድንገት ተነሳና ወደቀ። እግሮቹ ተገተሩ፣ መንጋጋው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አፉ አረፋ ደፈቀ። እማዬ ቡናውን እሳት ላይ ትታ ልጄን ብድግ አድርጋ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። አልፈርድባትም፤ እሷ ባደገችበት ሰፈር አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ያበደ ውሻ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። በየጊዜው እንደሚከተብ በበሩ ቀዳዳ ስምልላት፣ ቡናው አርሮ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮህ ነበር።

ቡቺ ቦክሰር ነው፤ ያን ጊዜ 7 ዓመቱ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብቻዬን በምኖርበት ዘመን ያሳደግኩት፣ ከትዳሬም ከልጄም የቀደመ ነው። እማዬ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ስትመጣ በጣም የከበዳት ብርዱ ሳይሆን ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩ ነበር።

የነርቭ ሐኪሟ በዚህ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥለው ውሻ አንጎሉ መታየት አለበት አለችን። ኤምአርአዩ በቀኝ በኩል፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ ጥላ አሳየ። ምስሉ ግን ጥላው ምን እንደሆነ አይናገርም። ቦክሰርን የመሰሉ አፍንጫቸው ያጠረ ዝርያዎች ግሊዮማ ለሚባለው የአንጎል ዕጢ የተጋለጡ ናቸው፤ ስለዚህ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን አንጎል ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በምስል ላይ አንዳንዴ መንታ ይመስላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለብግነቱ ስቴሮይድና መከላከያውን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ለዕጢው ደግሞ ጨረር። ለመለየት ከጥላው ላይ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

"ለእሱ ጭንቅላት ብቻ የሚሆን መምሪያ በስሪዲ ፕሪንተር እናትማለን" አለች ሐኪሟ።

እዚህ ላይ ሥራዬን መናገር አለብኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። "ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ" የሚለውን ሐረግ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጽፋለሁ። ለሻምፑ ጽፌዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ለፍራሽም ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ሐኪሟ ያንን ስትል ጆሮዬ ቆመ። ጠቅላላ የዋጋ ግምቱ ከነማደንዘዣው 11,000 ዶላር ገደማ ይላል። "ይሄ ፕሪንት የምትሉት ባይኖርስ?" አልኳት፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ።

አልተቀየመችም። ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዞረችና የቡቺን ራስ ቅል እያሽከረከረች አሳየችን። ለሰው እንዲህ ያለ ናሙና ሲወሰድ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ክፈፍ አለ፤ የሰው ጭንቅላት ብዙም አይለያይምና ያስኬዳል። ውሻ ግን አንዱ ፊቱ ረጅም ነው፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ሲፈጠር መዳፍ ላይ የሚያርፍ። ሁሉንም የሚገጥም ክፈፍ መሥራት ከባድ ነው። አንጎላቸው ደግሞ ከሎሚ ብዙም አይበልጥም። የጥቂት ሚሊሜትር ስህተት መርፌውን ከጥላው አሳልፎ ደም ሥር ውስጥ ሊከተው ይችላል።

ስለዚህ የሚሠሩት እንዲህ ነው። አጥንቱን ከሲቲ ስካን፣ ጥላውን ከኤምአርአይ ወስደው ኮምፒውተር ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ያነባብሩታል። መርፌው የት እንደሚገባ፣ በምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘልቅ እዚያው ይወስናሉ፤ ደም ሥሮቹንና በፈሳሽ የተሞሉትን የአንጎል ክፍተቶች እየሸሹ። ከዚያ ከሥሩ የቡቺን ራስ ቅል ጉብታና ስርጉድ ገልብጦ የያዘ፣ ከላዩ ቀጭን ቱቦ ያለው የፕላስቲክ ቁራጭ ይነድፋሉ። ያ ቁራጭ ታትሞ፣ ከጀርም ጸድቶ፣ አጥንቱ ላይ ሲቀመጥ የሚገጥመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአንዱ መሶብ ክዳን ለሌላው እንደማይሆነው። መሰርሰሪያውም መርፌውም በቱቦው ውስጥ ያልፋሉ። በእጅ መገመት የለም።

"ታዲያ ይድናል?" አልኳት።

"መምሪያው አያድንም። መርፌውን የፈለግነው ቦታ ያደርስልናል፣ ያ ብቻ ነው። ሊደማ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ሊሞትብንም ይችላል። ናሙናው ምንም ሳይነግረን ሊቀርም ይችላል።"

ያመንኳት ያኔ ነው። የሚሸጥ ሰው እንዲህ አይናገርም፤ እኔ በደንብ አውቃለሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልመጣ ሲለኝ ሳነብ አደርኩ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ለእያንዳንዱ ውሻ ፊት ልክ የተሠራ ጭምብል ተጠቅመው መርፌ የሚመሩበትን ዘዴ ማሳተማቸውን አገኘሁ። ዜናውን የሞላው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ፓችስ የምትባል የ9 ዓመት ዳክስሁንድ። እ.ኤ.አ. በ2018 ራስ ቅሏ ላይ የበቀለ ዕጢ ሲወጣላት፣ ከራስ ቅሏ የላይኛ ክፍል 70 በመቶ ያህሉ በታተመ የታይታኒየም ሳህን ተተካ። ሥራውን የመሩት በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሚሼል ኦብላክ ሲሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገው አሜሪካ፣ ኮርኔል ነው። ታይታኒየም የለበሰች ውሻ ማንም ጋዜጣ ይወዳታል። ጥቂት ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ፕላስቲክ ግን ማን ፎቶ ያነሳዋል? እኔም ብሆን ማስታወቂያ ሥሪለት ብባል ይቸግረኛል።

ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። ዋጋውን ለመደበቅ አስቤ ነበር፣ ባለቤቴ አስቀድሞ አፈትልኮበታል።

"ለውሻ?" አለች። ጮክ ብላ እንኳን አይደለም። "አጎትሽ የዓይኑን ሞራ ሊያስወጣ ገንዘብ ሲጠይቅሽ ምን አልሽው?"

ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ። "ትንሽ ታገሱኝ" ብዬ ሦስት ወር አቆየኋቸው። በመጨረሻ ላክሁ፤ ግን በዚያ ሦስት ወር ሰው እየመራቸው ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። የጠየቁኝ ደግሞ ከዚህኛው ሲሶውን አይሆንም።

"ለወንድሜ ልትነግሪው የማትችዪውን ነገር አታድርጊ" አለችኝ።

አደረግሁት። ምክንያቴን ስትጠይቀኝ ጥሩ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ልጄ ትወደዋለች ማለት እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ብቻዬን በነበርኩበት በዚያ ክፉ ክረምት ከሥራ ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ቀን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጠን ዋልን። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ መምሪያው እንደታሰበው ገጥሟል፣ ቀዳዳው ትንሽ ናት፣ ናሙናው ተወስዷል፣ ቡቺ ነቅቷል። በማግስቱ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ጥቂት ስፌት ይዞ ወጣ። ሐኪሟ አስቀድመው የተለማመዱበትን የታተመ ራስ ቅል ከነመለማመጃ መምሪያው ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። እማዬ በነጠላ ሸፈነችው።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ግሊዮማ። የብግነቱን መድኃኒት በግምት ጀምረን ቢሆን ኖሮ የነበረውን ጊዜ ያለ ጨረር እንጨርሰው ነበር። ጨረሩን ጀመርን። ሐኪሟ በወራት እንጂ በዓመታት አትቁጠሩ ብላናለች። ይህን ስጽፍ 8 ወር ሆኖታል፤ ዘንድሮ ደረጃ መውጣት ይደክመዋል፣ ግን ይበላል፣ በር ላይም ይጠብቃል።

እማዬ ባለፈው ወር ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ሻንጣዋን ስናስር ተነስታ መደርደሪያው ጋ ሄደች፣ ነጠላውን ገለጥ አደረገችና ትንሿን መምሪያ ከራስ ቅሉ ላይ አነሳች። ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አዙራ በአንድ ዓይኗ አየችባት።

"ይህችን ልውሰዳት። ለወንድሜ ላሳየው፤ አሁን እኮ ያያል።"

"ዋጋውን እንዳትነግሪያቸው፣ እማዬ።"

መልስ አልሰጠችኝም። በመሐረብ ጠቅልላ ከፓስፖርቷ ጋር የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።