«ጠፋ» ያልነው ፎልደር

ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ እንጀራችን ኮድ መጻፍ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ሰርቨሩ ላይ ያስቀመጣቸው ፋይሎች እየጠፉበት ተቸገረ። መጨረሻ ላይ «የ2012 ክፍያ» የሚባለው ፎልደር እንዳለ ጠፋና ሥራ አስኪያጁ አስጠሩን። «ማን እንደሚያጠፋ ብቻ ንገሩኝ» አሉን። እኛም «ቀላል ነው!» አልን። ጎበዝ፣ ይቺን ቃል ተጠንቀቋት።

በሁለት ቀን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። መስኮት የለው፣ የሚጫኑት ምስል የለው። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ስሙን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉት የታዘዘውን ፎልደር እየጠበቀ «ተፈጠረ፣ ተጻፈበት፣ ተሰረዘ» እያለ በየመስመሩ ይለፈልፋል። እርግጥ ኢኖቲፋይዌይት የሚባል ይህንኑ የሚሠራ ፕሮግራም ከድሮ ጀምሮ አለ። ታዲያ ለምን የራሳችሁን ጻፋችሁ? ካላችሁ፣ ፕሮግራመር የሰው ኮድ ከማንበብ የራሱን መጻፍ ይቀለዋል፤ በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም።

ከሥር ሆኖ ወሬውን የሚያቀብለን ኢኖቲፋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሊኑክስ ከርነል 2.6.13 ጋር የመጣ። ኢኖቲፋይን በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ አስቡት። «አንድ ዕቃ ወጣ» ይላችኋል፤ ዕቃውንም በስሙ ይነግራችኋል። ማን ይዞት እንደወጣ ግን አይናገርም። ሥራ አስኪያጁ የጠየቁን ደግሞ ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? ገመትን። ፋይሉ «ተሰረዘ» በተባለበት ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘው ማን ነበር? የሚለውን ዝርዝር አመጣንና ከመዝገባችን ጋር አጋጠምነው። ከሳምንት በኋላ ሰንጠረዥ አወጣን። አንደኛ ላይ ቁጭ ያሉት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ በስረዛ ብዛት የሚጠጋቸው አልነበረም። ወረቀቱን አትመን አስረከብን።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ተጠሩ። ከቢሮው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አገኘናቸው። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ቤት አንድ ወረቀት ጥዬ አላውቅም» አሉንና አለፉ። ያን ቀን ምሳ የበላ ከመካከላችን የለም።

ማታውኑ ማድረግ የነበረብንን ከሳምንት በኋላ አደረግነው። አንድ የሙከራ ሰነድ በዎርድ ከፈትን፣ አንዲት ፊደል ጨመርን፣ አንድ ጊዜ ሴቭ አልን። ስክሪኑ በመስመር ተሞላ። ለካ ዎርድ ሴቭ ሲያደርግ በነበረው ፋይል ላይ አይጽፍም። አዲሱን በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ የቀድሞውን ስም ይለውጣል፣ አዲሱን በቦታው ይተካል፣ ከዚያ አሮጌውን ይሰርዛል። የእኛ ፕሮግራም ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ተሰረዘ» የምትለውን መርጦ ይቆጥር ነበር። ጸሐፊዋ አንደኛ የወጡት ከሁሉም በላይ ስለሚሠሩ ነው!

የጠፋው ፎልደርስ? እሱ ይባስ የሚያሳፍር ነው። ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ሲዛወር ኢኖቲፋይ ሁለት መልእክት ይልካል፤ «ከዚህ ወጣ» እና «እዚያ ገባ»። ሁለቱ የአንድ ጉዞ ጫፎች መሆናቸው እንዲታወቅ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣቸዋል። እኛ «ወጣ»ን እንደ ስረዛ ቆጠርን፣ «ገባ»ን ደግሞ ስክሪኑን ያጨናንቃል ብለን ጣልነው። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ፎልደሩ ጎረቤት ቢገባም «ጠፋ» ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ በስሙ ብንፈልገው ከአጠገቡ ባለው ፎልደር ሆድ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። አንድ ሰው በማውስ ሲጎትት ጣቱ አምልጦት ነው። አንድ የፍለጋ ትእዛዝ በሴኮንዶች ያገኘውን እኛ በሳምንት ሰው ወነጀልንበት።

ማሻሻሉ እዚህ ላይ ጀመረ። አሁን ፕሮግራሙ «ወጣ» ሲባል ቶሎ አይፈርድም። ግማሽ ሴኮንድ ታግሦ ጓደኛውን ቁጥር ይጠብቃል። ከመጣ «ከዚህ ወደዚያ ተዛወረ» ይላል። ካልመጣ «ከምጠብቀው ግቢ ወጣ» ይላል እንጂ «ጠፋ» አይልም። የዎርድንም ዳንስ ለይቶ «ሴቭ ተደረገ» በምትል አንዲት መስመር ይጠቀልለዋል።

ኮዱን ስንፈትሽ ግን ሌላ ጉድ ወጣ። ከርነሉ መልእክቶቹን በወረፋ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ወረፋው ካልተቀየረ በቀር 16,384 ይይዛል። አንባቢው ፕሮግራም ከዘገየና ወረፋው ከሞላ የተረፈው ይጣላል፤ «ሞልቶ ፈሰሰ» የምትል አንዲት መልእክት ብቻ ትመጣለች። እኛ ይቺን መልእክት ሳናነብ እናልፋት ነበር። በዚህ ላይ ኢኖቲፋይ በራሱ ወደ ንዑስ ፎልደሮች አይወርድም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቀደው ብዛት ደግሞ ለረጅም ዘመን 8,192 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከርነል 5.11 ወዲህ በማሽኑ ሜሞሪ ልክ ከፍ እያለ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። የእነሱ ሰርቨር አሮጌ ነበር። ከ8,192 በኋላ ያሉትን ፎልደሮች ፕሮግራማችን ጭራሽ አያያቸውም፤ አላየሁም ብሎም አይናገርም። ዝም!

ስለዚህ አዲስ መስመር ጨመርን፦ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት አላየሁም»፤ «ይህንን ፎልደር አልጠበቅሁም»። በቀይ ቀለም። ከጻፍነው ሁሉ የምንኮራበት ይሄ ነው፤ ኮዱ ሃያ መስመር አይሞላም።

የቀረው «ማን?» ነው። እዚህ ላይ ሦስታችን ተጣላን፤ እውነተኛ ጠብ። ሰርቨሩ ወደ አዲስ ሊኑክስ ከተዛወረ ፋኖቲፋይ የሚባለውን መጠቀም ይቻላል። እሱ ድርጊቱን የፈጸመውን ፕሮሰስ ቁጥር ይናገራል። ከ5.1 ጀምሮ መፍጠርን፣ መሰረዝንና ማዛወርን፣ ከ5.9 ጀምሮ ደግሞ የፋይሉን ስም ጭምር ያመጣል። ፋይል የሚያካፍለው ሳምባ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍት ቁጥሩን ከሰው ስም ጋር ማገናኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ቢኖረን እኮ ጸሐፊዋ አይወነጀሉም ነበር!» አለ። እውነት ነው። ሌላው ደግሞ «ነገ ማን ስንት ደቂቃ ሳይጽፍ ቆየ እያለ ይቆጥርበታል» አለ። ይሄም እውነት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ በሠራተኛ ስም የተደረደረ ሪፖርት ጠይቀውናልና።

በመጨረሻ መጀመሪያ ግምቱን አወጣነው፤ ያ ሰንጠረዥ አሁን የለም። ሰርቨሩ ሲቀየር «ማን?»ን አስገባነው፤ ግን አንድ ፋይል ወይም ፎልደር በስሙ ሲጠየቅ ብቻ፣ ለመሰረዝና ለማዛወር ብቻ ይመልሳል። በሰው ስም አይደምርም። የሚያውቅ ሰው በአንዲት መስመር ትእዛዝ ራሱ ሊደምረው እንደሚችል አይጠፋንም። ቢያንስ በእኛ እጅ አይሁን ብለን ነው። ሥራ አስኪያጁ «ግማሽ ሥራ ነው» አሉን፣ ቀሪውንም ክፍያ አዘገዩብን።

ጸሐፊዋ ዘንድ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። አዲሱን መዝገብ አትመን ይዘን ነበር፤ ነገሩን በዎርድ እያሳየን አስረዳናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«እና ያን ቀን ስንት ጊዜ ሴቭ አድርጌያለሁ?»

ቆጠርን። «መቶ አርባ ሁለት ጊዜ» አልናቸው።

ሳቁ። «መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋብኝስ ጽፏል?»

እሱን አልጻፈም።