ከቤቱ በፊት ሰፈሩን፦ ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ

«ለዋናው መንገድ ቅርብ»፣ «ለኑሮ ምቹ»፣ «ፀጥ ያለ አካባቢ»። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እነዚህ ቃላት ለምን እንደሚመረጡ አውቃለሁ። ቅርብ የተባለው በእግር ይሁን በመኪና አይነገርም። ፀጥ ያለ የተባለውም ታክሲ የማይገባበት ሰፈር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት ስንነሳ፣ ደላላ ጋር ከመደወላችን በፊት ሰፈሮቹን በእግራችን ለመዞር ተስማማን። የያዝነው ገንዘብ የስምንት ዓመት ቁጠባችን ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የጀሞ ነበር። ከሜክሲኮ ተነስቶ በመካኒሳ የሚያልፈውን ታክሲ ይዘን ወረድን። ጀሞ ዕድሜ ያለው ሰፈር ነው፤ በብሎኮቹ መካከል የተተከሉት ዛፎች ጥላ መስጠት ጀምረዋል። ምድር ቤቶቹ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ ሆነዋል። ጉልቱ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ለመግዛት ከደጅ መውጣት ብቻ ይበቃል። ልጅ ላለው ሰው ትምህርት ቤት በእግር መድረስ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ግን ቅዳሜ ረፋድ ሰፈር ሁሉ ያምራል። ሰኞ ከጠዋቱ 12:30 ተመልሰን ሄድን፤ የታክሲው ሰልፍ ታጥፎ ታጥፎ ነበር የሚሄደው። አርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ሄደን ከምድር ቤቱ ግሮሰሪ የሚወጣው ሙዚቃ ስንተኛ ፎቅ ድረስ እንደሚሰማ ደረጃው ላይ ቆመን አዳመጥን። ሦስተኛ ፎቅ ላይም ግጥሙ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ቤት የምትገዙ ከሆነ ሰፈሩን በሥራ ቀን ጠዋት፣ በበዓል ዋዜማ ወይም በሳምንት መጨረሻ ማታ፣ ከተቻለም ዝናብ ከዘነበ በኋላ እዩት።

ስለ ውሃ ደላላ አትጠይቁ። ደረጃው ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ቁጠሩ፣ ልብስ የሚያሰጡትን እናቶች ሰላም በሉና «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን? አራተኛ ፎቅ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙሉውን ይነግሯችኋል፤ የጎረቤቱን ጠባይም ጨምረው። ብዙ ሰው መፍትሔ አድርጎ በረንዳው ላይ ሮቶ ያቆማል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ግን አንድ ቶን ማለት ነው። በረንዳ ደግሞ ይህን እንዲሸከም ታስቦ ላይሠራ ስለሚችል ከማስቀመጣችሁ በፊት መሐንዲስ ጠይቁ።

አያት ብዙ አልቆየንም። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ጫፍ መሆኑ ስቦን ነበር፤ ሆኖም በአቅማችን ያገኘናቸው ቤቶች ከባቡሩ ጣቢያ ሌላ ታክሲ የሚጠይቁ ነበሩ።

ቱሉ ዲምቱ ሌላ ዓለም ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ ከተማዋ ወደ አዳማ ከሚወስደው የፍጥነት መንገድ ጋር የምትገናኝበት ጫፍ ላይ ይገኛል። ከሩቅ ሲታይ ብሎኮቹ ሜዳ ላይ እንደተደረደረ የክብሪት ሳጥን ናቸው። ነፋሱ ያስደስታል፣ ሰማዩም ሰፊ ነው፣ ልጃችን እንደልቡ ሮጠ። መሬቱ ግን ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ብሎኩ የሚያስገባው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት እንደሆነ ማየት ከሴራሚኩ ቀለም ይቀድማል።

እዚህ ያየነው ቤት ሁለት መኝታ ያለው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ዋጋውም ከጀሞው ያነሰ ነበር። ባለቤቴ ልቡ ሄደ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የኮንዶሚኒየም ቤት ብዙ ጊዜ ለባለዕድለኛው የሚሰጠው ሳያልቅ ነው፤ ይህም ቤት የውስጥ በር የለውም፣ ወለሉ ሊሾ ብቻ፣ የማብሰያ ቦታው ባዶ ግድግዳ ነበር። በር፣ ሴራሚክ፣ ሲንክ፣ ቁም ሳጥን፣ ቀለምና የእጅ ዋጋ ሲደመር በዋጋ ያገኘነው ልዩነት ሟሟ። በዚያ ላይ የሁለት ሰው የዕለት ታክሲ አለ። ርካሽ ቤት የሚባለውን ከነማጠናቀቂያው፣ ከነትራንስፖርቱ ለአምስት ዓመት አስሉት።

እናቴ እንደ ሁልጊዜዋ ባጭሩ ጨረሰችው። «መውጣቱን እችለዋለሁ፣ መውረዱ ነው የሚገለኝ» አለች። የ20/80 ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። ከሁለተኛ ፎቅ ለመውረድ የምትሳቀቅ ሴት ቤተ ክርስቲያንም፣ ዕድርም፣ ጎረቤት ቡናም ይቀርባታል። በመጨረሻ ጀሞ ላይ አንደኛ ፎቅ አገኘን፤ ግን መኝታው አንድ ብቻ ነው። ልጃችን ከአያቱ ጋር ሳሎን ይተኛል። ባለቤቴ ያንን ሁለተኛ መኝታ እስካሁን ያነሳዋል፤ እኔም አልፈርድበትም።

ወረቀቱ ላይ አትቸኩሉ። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚላችሁን ሻጭ በትሕትና አሰናብቱት። ካርታውን በዓይናችሁ እዩ። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አጣሩ፤ የባንክ ብድሩ ምን ያህል እንደቀረው በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ የግድ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት በአንድ ሰው ፈቃድ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ዋናውን ክፍያ ውልና ማስረጃ ፊት ሳትፈራረሙ አትልቀቁ። የመብራትና የውሃ ውዝፍ፣ የብሎኩ ማኅበር መዋጮም እንዳለ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ ናቸው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የእናንተም ጉዳይ ነው።

የዕቃ ማጓጓዣው ቀን ትልቁ ራስ ምታት አይሱዙ ማግኘት አይደለም፣ ማውረዱ ነው። ብዙ ሰፈር ውስጥ የራሱ ጫኝና አውራጅ አለ፤ እናንተ ወንድሞቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡም ሒሳብ ይጠይቃል። ከቀኑ በፊት ሄዳችሁ ተነጋገሩ፣ ዋጋውንም በኮሚቴው ሰው ፊት ቁረጡ። መኪናው ቆሞ፣ ፍራሹ መሬት ላይ ሆኖ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አውራጁን ነው። ቡፌና ሶፋውን፣ የደረጃውንም መታጠፊያ በሜትር ለኩ። የእኛ ቡፌ በአራት ጣት ልዩነት ስላልገባ በገመድ በበረንዳ ወጣ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው አጨበጨቡለት። ቁልፉን ግን በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት። የድሮው ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ማን ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን ከላይ ፎቅ ያሉ እትዬ አንድ ኪሎ ስኳርና ትኩስ ዳቦ ይዘው ገቡ። «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ ከደጅ። እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «እንቦሳ እሰሩ!» ብላ መለሰች። ቡናው ሳይፈላ ስለ ብሎኩ ዕድር ወርኃዊ መዋጮ ጨዋታ ጀመሩ። እናቴ የድሮውን ሰፈር ዕድር መልቀቅ አልፈለገችም፤ አሁን ለሁለት ትከፍላለች።