ፒያኖ ተሸክሞ የሚሄድ የለም

ጡሩምባ የሚነፋ ሰው ጡሩምባውን በሣጥን አድርጎ ባውቶቡስ ይሳፈራል። የኛም አዝማሪ መሰንቆውን በብብቱ ሸጉጦ ከሰርግ ወደ ሰርግ ይዞራል። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ግን ይዞ የሚሄደው ጣቶቹን ብቻ ነው። የሚጫወተውም በደረሰበት ቤት የቆመውን ነው፤ ቅኝቱ የተበላሸ ቢሆን፥ ከነጭና ከጥቁር መምቻዎቹም ሁለት ሦስቱ ዲዳ ቢሆኑ፥ «የራሴን ላምጣ» ለማለት አይችልም። ቤቱ ከተዘጋበት ደግሞ ተጫዋችነቱ ራሱ ይቀራል።

ይህን የምለው ሙዚቃ ተምሬ አይደለም። የማጠናው ታሪክ ነው፤ ከፒያኖም ጋር ያለኝ ዝምድና የአድማጭነት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ከርሜአለሁ። ጸሐፊዎቹ ስለ ተሰጥዎ አብዝተው ይጽፋሉ። እኔ ግን ገጹን እየገለጥሁ የምፈልገው ሌላ ነው፤ ፒያኖው የማን ነበር? ክዳኑንስ ማን ከፈተለት? (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ቴሎኒየስ ሞንክን እንውሰድ። በ1917 በሰሜን ካሮላይና ተወልዶ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ መጣ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሃርለም ሚንተንስ በሚባለው ቤት በፒያኖ ተጫዋችነት ተቀጠረ፤ ኋላ ቢባፕ የተባለው አዲሱ የጃዝ ስልት ከተጠነሰሰባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ነው። የሞንክ አመታት ልዩ ነው። ሌላው ተጫዋች ዐሥር ድምፅ በሚያዘንብበት ስፍራ እርሱ ሁለቱን ይመታና ይተዋል፤ ዝምታውንም ጭምር እንድናዳምጥ ያስገድደናል። ላዲስ ሰሚ፥ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ሊሰናከል የደረሰ ሰው ይመስላል፤ ነገር ግን አይወድቅም።

በዚያን ዘመን በኒው ዮርክ ከተማ መጠጥ በሚሸጥበት የምሽት ክበብ ለመሥራት ከፖሊስ የሚሰጥ ካርድ ያስፈልግ ነበር። ይህ ደንብ ከ1940 እስከ 1967 ድረስ ጸንቶ ቆየ። በ1951 ሞንክና ወዳጁ ባድ ፖወል በአንድ መኪና ውስጥ ሳሉ ፖሊስ መጥቶ ፈተሻቸውና አደንዛዥ ዕፅ አገኘ። ሞንክ በባልንጀራው ላይ አልመሰክርም አለ። 60 ቀን ታሰረ፤ ካርዱንም ተነጠቀ። ልብ በሉ፤ ጣቶቹን የነካው የለም፤ የተወሰደበት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። ይሁን እንጂ እስከ 1957 ድረስ በገዛ ከተማው ክበቦች ውስጥ በሕግ ለመጫወት አልቻለም። ሸክላ ይቀርጽ ነበር፤ ከከተማው ውጭ ሥራ ሲገኝም ይሄዳል፤ ቤቱን ግን በአብዛኛው ያቆመችው ተቀጥራ የምትሠራው ሚስቱ ኔሊ ናት። በ1957 ካርዱ ሲመለስለት ፋይቭ ስፖት በተባለው ክበብ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጆን ኮልትሬን ጋር ለወራት ተጫወተ። በ1964 ደግሞ ታይም የተባለው መጽሔት ሥዕሉን በሽፋኑ ላይ አወጣው።

አንዳንድ ሰው እነዚያ ስድስት ዓመታት ሞንክን አበሰሉት ይላል። እንዲህ ያለውን አነጋገር አልወደውም። የተከለከለን ሰው ክልከላው አስተማረው ማለት ለከልካዩ የምስጋና ደብዳቤ እንደ መጻፍ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ሊሰማ ሲችል ሳይሰማ የቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

ከሁሉ ይልቅ የምወዳት ግን ሜሪ ሉ ዊልያምስ ናት፤ ስምዋም በኛ መካከል እንደ ሞንክ ሲጠራ አልሰማሁም። በ1910 በአትላንታ ተወልዳ በፒትስበርግ አደገች። በ1930ዎቹ በካንሳስ ሲቲ በአንዲ ከርክ ባንድ ውስጥ ፒያኖ ተጫዋችም ዜማ አቀናባሪም ነበረች፤ ለቤኒ ጉድማንና ለዱክ ኤሊንግተን ባንዶችም አቀናብራለች። ሴት ከባንድ ፊት ቆማ እንድትዘፍን ይፈለግ ነበር እንጂ ለወንዶቹ የሚነፉትን ጽፋ እንድትሰጣቸው የሚጠብቅ ብዙ አልነበረም።

በ1940ዎቹ በሃርለም ሃሚልተን ቴሬስ በሚባል መንገድ ላይ አፓርታማ ነበራት። ክበቦቹ ከተዘጉ በኋላ ሞንክ ይመጣል፤ ባድ ፖወል ይመጣል፤ ታድ ዳመሮንና ዲዚ ጊለስፒም ይመጣሉ። ፒያኖው ክፍት ነው። አንዱ አዲስ የጻፈውን ያሰማል፥ ሌላው ይተቻል፥ እርስዋም ሐሳብዋን ትሰጣለች። በዕድሜ ታላቃቸው፥ በሙያም የተፈተነች ነበረች። በአሮጌው ስልት ስም ያተረፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ይሥቃል፤ እርስዋ ግን አልሣቀችም። ይልቁንም ጠጋ ብላ አዳመጠች፥ ራስዋም ተማረችበት። ዘመናዊ ጃዝ የት ተወለደ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከክበቦቹ ስም አስቀድሜ የዚያችን ሴት ሳሎን እጠራለታለሁ። የሙዚቃ ታሪክ ዐዋቂዎች ቢቆጡኝም ግድ የለኝም።

ይህችው ሴት በ1954 ፓሪስ ላይ ሥራዋን አቋርጣ ከመድረክ ወረደች። ማንም አልከለከላትም፤ ራስዋ ተወችው። ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ በጸሎት ተጠመደች፤ በ1957 የካቶሊክ እምነት ተቀበለች። የታመሙና በሱስ የወደቁ ሙዚቀኞችን እቤትዋ እያስገባች ታስታምም ነበር፤ ለእነርሱ መርጃ የሚሆን ያሮጌ ልብስና ዕቃ ሱቅም ከፈተች። በዚያው በ1957 በኒውፖርት የጃዝ በዓል ከጊለስፒ ባንድ ጋር ወደ ፒያኖዋ ተመለሰች። ኋላም ለቅዳሴ የሚሆን ጃዝ ጻፈች፤ በ1975 በኒው ዮርክ በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተሰማ። ከ1977 ጀምሮ እስካረፈችበት እስከ 1981 በዱክ ዩኒቨርስቲ አስተማረች። በእነዚያ ተማሪዎች እንዴት አልቅና!

በባድ ፖወል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። በ1945፥ የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ፊላደልፊያ ላይ ፖሊስ ራሱን መታው። ከዚያ ወዲያ ዕድሜው በሆስፒታልና በመድረክ መካከል ተከፈለ፤ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም በኤሌክትሪክ ንዝረት ታከመ። እንዲያም ሆኖ በ1949 እና በ1951 የቀረጻቸውን ሸክላዎች የሚያዳምጥ ሰው ቀኝ እጁ እንደ ሳክስፎን ሲናገር ይሰማል። በ1959 ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በዚያም ፍራንሲስ ፖድራ የተባለ ፈረንሳዊ ወዳጅ እቤቱ ተቀብሎ አስታመመው። በ1964 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ፤ በ1966 በ41 ዓመቱ ሞተ። ሆስፒታል ሳለ የፒያኖ መምቻዎችን በግድግዳ ላይ ሥሎ ይለማመድ ነበር የሚል ታሪክ ይነገራል።

ይህን የግድግዳ ነገር ሳነብ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ትዝ ይለኛል። ጓደኛዬ ኦርጋን የለመደው በተወለደበት ከተማ፥ ሰርግ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች ነው። ዩኒቨርስቲ ሲገባ ኦርጋኑ የርሱ አልነበረምና እዚያው ቀረ። ስለዚህ በጥናት ሰዓት ጠረጴዛ ይመታል፤ ግራ እጁ በአንድ ምት፥ ቀኝ እጁ በሌላ። እኔ ስለ ዘመነ መሳፍንት ማስታወሻ ስጽፍ ብዕሬ እየዘለለ ራሶቹ ሁሉ ይጣመማሉ። አንድ ማታ «ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው፥ «ሞንክ ነው እንጂ፤ አይሰማህም?» አለኝ።

በአዳራሻችን ግን ፒያኖ አለ። ከመድረኩ ጥግ ጨርቅ ለብሶ፥ ተቆልፎ የቆመውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ጓደኛዬ ቁልፉን ለመለመን ሦስት ጊዜ ሄደ። በመጀመሪያ «ማመልከቻ አምጣ» ተባለ፤ አመጣ። በሁለተኛው «በትምህርት ክፍልህ በኩል ይምጣ» ተባለ፤ የሚማረው ጂኦግራፊ ነውና በክፍሉ ሣቁበት። በሦስተኛው «ዕቃው እንዳይበላሽ ነው» ተባለ። ሳይነካና ሳይቃኝ ብዙ ዓመት የቆመ ፒያኖ የብረት ክሮቹ እየረገቡ ድምፁ እንደሚወርድ ግን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ከኳስ ሜዳው ጉዳይ ቀጥሎ ይህንንም ቢያነሣው ምን አለበት? ፈርሞ ቁልፍ የሚረከብ አንድ ተማሪ ተመድቦ በሳምንት ሁለት ማታ ቢከፈት፥ ከማንም ኪስ ብር አይወጣም።

የኛም አገር ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ኃይሉ መርጊያ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ የኦርጋን ተጫዋች ነበር። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደና እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሺንግተን ታክሲ ነዳ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥና፥ አውሮፕላን ጣቢያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ስሙ ባዲስ ተነሣ፤ በመድረክም መታየት ጀመረ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አዲስ አልበም አወጣ። ፒያኖ ተሸክሞ የሚሄድ የለም ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን የሚቻለውን ያህል ተሸክሟል።

ከጓደኛዬ ጋር እስከ ዛሬ ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ሞንክ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በኒው ጀርሲ፥ ፓኖኒካ ደ ኮኒግስዋርተር በምትባል ባለጸጋ ወዳጁ ቤት ነው። ፒያኖ በክፍሉ ነበረ፤ ከልካይም አልነበረውም። እርሱ ግን እምብዛም ሳይነካው በ1982 ሞተ። ጓደኛዬ «የሚለውን ጨርሶ ነው፤ መብቱ ነው» ይላል። እኔ ታሞ ነው እላለሁ፤ ከዚያም በፊት የተነጠቁትን ስድስት ዓመታት አነሣበታለሁ። እርሱ ደግሞ ከ1957 በኋላ የተቀረጹትን ሸክላዎች አንድ በአንድ ይቆጥርብኛል። ባለፈው ሳምንት መብራት ከጠፋ በኋላ ይህንኑ ስንከራከር አመሸን፤ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ነገ ፈተና አለብኝ ብሎ አስቆመን።