ልጆቻችንና የውኃው ሸርተቴ

የትምህርት ቤት መዝጊያ በተቃረበ ቁጥር እናቶች ከልጆቻቸው የሚሰሙት ልመና ዓይነቱ እየተለወጠ መጥቷል። ቀድሞ ኳስ ወይም ብስክሌት ነበር፤ አሁን ከከተማ ወጣ ብለው ወደሚገኙት የውኃ መዝናኛዎች መሄድ ሆኗል። የእኔም የ10 ዓመት ልጅ የጓደኞቹን ወሬ ከሰማ ወዲህ ቀን ይቆጥራል። የሚመኘውም መዋኛውን ሳይሆን ከሁሉ የሚረዝመውን ሸርተቴ ነው። «እማዬ፣ ቁመቴ ይደርሳል አይደል?» ይለኛል ጧትና ማታ።

ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ ሽሊተርባን በተባለው የውኃ መናፈሻ ውስጥ የነበረው ሸርተቴ ይታወሰኛል። ስሙ «ፈሩክት» ይባል ነበር፤ በጀርመንኛ «እብድ» ማለት ነው። ከ51 ሜትር በላይ ቁመት ስለነበረው በዓለም የሚስተካከለው አልነበረም። ጫፉ ለመድረስ 264 ደረጃ መውጣት ያስፈልግ ነበር። ሦስት ሰዎች በአንድ የጎማ ጀልባ ላይ ፊትና ኋላ ተቀምጠው ቁልቁል ይወረወራሉ፤ ከዚያም ጀልባዋ በዚያው ፍጥነት ሌላ ጉብታ ወጥታ ትወርዳለች።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ይከፈታል ተባለ። ለሰኔ ተላለፈ፤ ከሰኔም እንደገና ተራዘመ። ምክንያቱም በሙከራው ጊዜ በሰው ፈንታ አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች የጫነች ጀልባ ጉብታው ላይ ስትደርስ ተነሥታ ከመንገዷ መውጣቷ ነው። ከሥራው ከፊሉ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ይህን የሰማ ሁሉ ይርቃል ቢባል ያስኬዳል። የሰው ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ ቀኑ በተራዘመ ቁጥር ጉጉቱ ባሰ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት አበው እንዲህ ያለውን አይተው ይሆናል። ሐምሌ 3 ቀን ሲከፈት ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ጥንቃቄ የሚመስል ነገር አልጠፋም። ከሸርተቴው በላይ የብረት ቀስቶችና መረብ ተዘረጋ። ተሳፋሪዎችም ይመዘኑ ነበር፤ የሦስቱ ክብደት ተደምሮ ከ180 እስከ 250 ኪሎ ግድም መሆን ነበረበት። መጀመሪያ የተነገረው የ14 ዓመት የዕድሜ ወሰን ግን ቀረና ቁመቱ 1 ሜትር ከ37 ሳንቲም የሆነ ልጅ ይውጣ ተባለ።

ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከሁለት ሴቶች ጋር ተሳፈረ። የተቀመጠው ከፊት ነው። የሦስቱ ድምር ከተፈቀደው ወሰን አላለፈም፤ ነገር ግን ቀላሉ ከፊት፣ ከባዶቹ ከኋላ ነበሩ። ጀልባዋ ጉብታው ላይ ተነሣች፤ ልጁም ከላይ ከተዘረጋው ብረት ጋር ተጋጭቶ ወዲያው ሞተ። ሴቶቹም ቆሰሉ።

እህቶቼ፣ አህያ ጭኖ የሚያውቅ ባላገር የሚያየው የጭነቱን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ወዴት እንዳጋደለም ያያል። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ግን ድምሩን መዝኖ ማጋደሉን ተወው። ለዚህ ነው ቁመት የማያስጨንቀኝ። ረጅም ነገር ራሱ ያስፈራል፤ የሚያስፈራውንም ሰው ይጠነቀቀዋል።

በኋላ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት የቀረበው ክስ ከልጁ በፊት 13 ሰዎች በዚያው ሸርተቴ ላይ ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ይገልጻል። ሸርተቴውን ያቀዱት ጄፍ ሄንሪና ጆን ስኩሊም የምሕንድስና ማስረጃ እንደሌላቸው በክሱ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ክሱን ለማጽደቅ ለተሰበሰቡት ዜጎች ተገቢ ያልሆነ ማስረጃ ታይቷል ተብሎ በ2011 ዓ.ም. የካቲት ፍርድ ቤቱ ሠረዘው። ሸርተቴውም በዚያው ዓመት ፈረሰ። የግዛቲቱ ምክር ቤት የመጫወቻዎችን ምርመራ የሚያጠብቅ ሕግ ያወጣው በ2009 ዓ.ም.፣ ልጁ ከሞተ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ አንድ መዝናኛ ስልክ ደውዬ ሸርተቴውን ማን እንደሚመረምረው፣ መቼስ እንደ ተመረመረ ጠየቅሁ። «ኧረ ችግር የለውም እመቤት፣ ስንት ሰው ነው በየቀኑ የሚወጣው!» አሉኝ። በካንሳስም የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር።

አባቱ «ልጁን አታስፈሪው» ይለኛል። እኔም አላስፈራሁትም፤ አልከለከልኩትምም። እሑድ እንሄዳለን። እሱ ከአባቱ ጋር በትንንሾቹ ሸርተቴዎች ሲጫወት እኔ ከረጅሙ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ሠራተኞቹን አያለሁ። ከላይ ያለው ሠራተኛ ከታች ያለውን ምልክት ሳይጠብቅ ልጅ የሚለቅ ከሆነ፣ ልብሳችንን ለብሰን ወደ ቤታችን ነው።