ጠያቂው ሌላ፣ አድራሹ ሌላ



ኮምፒውተር ስትከፍቱ የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቃችሁ ማን ነው? ብዙ ሰው «ፊቴ ያለው መስኮት ነዋ!» ይላል። በሊኑክስ ላይ ግን መስኮቱ አድራሽ እንጂ ጠያቂ አይደለም። ጠያቂው ከጀርባ አለ፤ እሱ እኛን አያይም፣ እኛም እሱን አናየውም። የኮምፒውተር ትምህርት የማትወስዱ «ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» እንዳትሉ፤ ባለፈው ክረምት ለኢንተርንሺፕ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት ይህ ልዩነት የአንድ አባት የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ድሮ በዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው በራሱ ነበር። የመግቢያው ፕሮግራም ለብቻው፣ ፋይል የሚያስተላልፈው ለብቻው፣ የይለፍ ቃል ተቀብለው ከመዝገብ ጋር ያመሳክሩ ነበር። የማረጋገጫው መንገድ ሲቀየር ሁሉንም ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ከፍቶ እንደገና መጻፍ ግድ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠሩ የነበሩት ቪፒን ሳማርና ቻርሊ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ የማረጋገጡ ሥራ ከፕሮግራሞቹ ይውጣና እንዳስፈላጊነቱ ለሚተከሉና ለሚነቀሉ ሞጁሎች ይሰጥ የሚል። ዛሬ ፓም የምንለው ይህንን ነው። የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ «መጀመሪያ ይህ ሞጁል ይጠይቅ፣ ቀጥሎ ያኛው» ብሎ ያዝዛል፤ ከፕሮግራሙ አንድ መስመር ሳይነካ የአገባቡ ሥርዓት ይቀየራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ይመጣል። ሞጁሉ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ሰውየው የት እንዳለ ግን አያውቅም። ተርሚናል ፊት ተቀምጧል? መስኮት ከፍቷል? ወይስ ሌላ ከተማ ሆኖ በኔትወርክ ነው የመጣው? ይህን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ በበኩሉ ምን እንደሚጠየቅ አያውቅም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፓምን ሲያስጀምር የአንድ የራሱን ፋንክሽን አድራሻ ያስረክበዋል፤ «ሰውየውን ማናገር ስትፈልግ ይህን ጥራ» እንደ ማለት ነው። ኮልባክ የሚባለው ይህ ነው።

ምሳሌው ከቤታችን አይርቅም። እናት ምጣድ ላይ ናት፤ በር ተንኳኳ። «ሂድና ማን እንደሆኑ፣ ማንን እንደሚፈልጉ ጠይቅ» ብላ ልጇን ትልካለች። ምን እንደሚጠየቅ የምታውቀው እናት ናት፤ እንግዳውን የሚያየው ደግሞ ልጁ ነው። ልጁ መልሱን ይዞ እስኪመለስ ትጠብቃለች። «ይግቡ» ወይም «አይቻልም» የምትለውም እሷ ናት። ሞጁሉ በእናትየዋ ቦታ ነው፣ ኮልባኩ በልጁ።

ልጁ የሚላክባቸው መልእክቶች አራት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ጠይቅ፤ ሲጽፍ ግን ፊደሉ ስክሪኑ ላይ አይታይ» የሚል ነው። የይለፍ ቃል የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ሁለተኛው «ጠይቅ፤ የሚጽፈውም ይታየው» ይላል። ሦስተኛው «ይህን የስህተት መልእክት ንገረው» ሲሆን፣ አራተኛው «ይህን መረጃ ንገረው» የሚል ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መልስ አይፈልጉም፤ ለሰውየው መድረስ ግን አለባቸው። ሞጁሉ ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር የሚታየውን ጽሑፍም አብሮ ይልካል። ኮልባኩ ለየጥያቄው በተራው መልስ ይዞ ይመለሳል፤ መጠየቅ ካልቻለም «አልቻልኩም» የሚል የስህተት ምልክት ይመልሳል። መልሱ የሚቀመጥበትን የሜሞሪ ቦታ የሚይዘው ኮልባኩ ነው፤ የሚለቀው ሞጁሉ ነው። ጠንቃቃ ሞጁል የይለፍ ቃል የነበረበትን ቦታ ከመልቀቁ በፊት ይደመስሰዋል።

ወደ መሥሪያ ቤቱ እንግባ። የስልክ ክፍሉ ኦፕሬተር ዓይነ ስውር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። የውስጥ ስልክ ቁጥሮችን አብዛኛውን በቃላቸው ያውቁታል። የመልእክት መዝገቡን የሚሠሩት ግን በኮምፒውተር ነው፤ ስክሪን ሪደር በጆሮ ማዳመጫቸው እያነበበላቸው። የመዝገቡን ፕሮግራም ከዓመታት በፊት ሌሎች ሰዎች ናቸው የጻፉት። ስምና የይለፍ ቃል በአንድ ቅጽ ላይ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ከዚያ ፓምን ይጠራል። ኮልባኩ ማንንም አይጠይቅም ነበር። ሞጁሉ የተደበቀ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ በላከ ቁጥር አስቀድሞ የያዘውን የይለፍ ቃል ያቀብለዋል። መረጃና የስህተት መልእክት ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ ይጥለዋል።

አንድ ሞጁል ብቻ እስካለ ድረስ ይህ አያስታውቅም። ክረምቱ ላይ ግን ኃላፊዎቹ የአንድ ጊዜ ኮድ ይጨመር አሉ፤ ስልክ ላይ የሚወጣ፣ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀየር ባለ 6 አሃዝ ቁጥር። የኮዱ ሞጁል ተተከለ። በማግስቱ ማንም መግባት አልቻለም። ሞጁሉ ኮድ ሲጠይቅ ኮልባኩ የሚያመጣለት የይለፍ ቃል ነበራ! ጉዳዩ መግባት አለመቻል ብቻ አይደለም፤ የሰው ምስጢር ላልጠየቀው ሞጁል እየተሰጠ ነው። ልጁ በር ድረስ ሳይሄድ፣ ትናንት የመጣውን እንግዳ ስም ለእናቱ ይነግራታል እንደ ማለት ነው።

በጥድፊያ አንድ ማስተካከያ ተደረገ። ቅጹ ላይ ለኮዱ ሁለተኛ ሳጥን ተጨመረ። ኮልባኩ ደግሞ የጥያቄውን ጽሑፍ እያነበበ «ኮድ» የሚል ቃል ካገኘ ሁለተኛውን ሳጥን እንዲሰጥ ተደረገ። ዓይናቸው የሚያይ ሠራተኞች ገቡ። ጋሼ ግን አልገቡም። አዲሱ ሳጥን ስም ስላልተሰጠው ስክሪን ሪደሩ ምን እንደሆነ አይነግራቸውም። ሳጥኑን ፈልገው እስኪያገኙ ኮዱ ጊዜው ያልፋል። ሦስት ጊዜ ሲሳሳት የሚቆልፈው ሞጁል ለ10 ደቂቃ ይቆልፍባቸዋል። ሞጁሉ «ተቆልፏል፤ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቷል» የሚል መረጃ ለኮልባኩ ይልክ ነበር። ኮልባኩ ግን ይጥለዋል። ስለዚህ ጋሼ ትክክለኛውን እየጻፉም አይገቡም፤ ለምን እንደማይገቡም የሚነግራቸው የለም።

በሦስተኛው ቀን የመጣው መፍትሔ «አጠገብዎ ያለው ሠራተኛ ይግባልዎት፤ የይለፍ ቃልዎን ይንገሩት» የሚል ነበር። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ያንን አላደርገውም። በስሜ የተጻፈውን ሁሉ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ፤ መልሱን እኔ አላጣውም» አሉኝ። አማና ምን እንደሆነ በመድረሳም ሰምቻለሁ፣ በኹጥባም ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ነገሩን በእጃቸው ላይ አየሁት። ጥያቄያቸውም የቴክኒክ ጥያቄ ነበር። ሞጁሉ የሚለውን ማንም አላደረሰላቸውም፤ የጎደለው ይኸው ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ኮልባኩን እንደገና እንድጽፈው ፈቀዱልኝ። ሥራው ረጅም አልነበረም። ቅጹ ቀረ። ፕሮግራሙ ስም ብቻ ይቀበልና ፓምን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የሞጁሉ ነው። ኮልባኩ መልእክቶቹን በየተራ ያያል። የመልእክቱን ጽሑፍ ተርጉሞ ትርጉም አይፈልግለትም፤ ዓይነቱን ብቻ ይመለከታል። ጽሑፉ ነገ በሌላ ቋንቋ ሊመጣ ይችላል፣ ዓይነቱ ግን አይለወጥም። ጥያቄ ከሆነ የሞጁሉን ጽሑፍ የሳጥኑ ስም አድርጎ ያቀርባል፤ ስክሪን ሪደሩም ያነበዋል። የተደበቀ ጥያቄ ከሆነ የሚጻፈው አይታይም፣ ጮክ ተብሎም አይነበብም። መረጃ ወይም የስህተት መልእክት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ስክሪን ሪደሩም እንዲያውቀው ይደረጋል። የማያውቀው ዓይነት ከመጣ ደግሞ የስህተት ምልክት ይመልሳል።

ጋሼ በመጀመሪያው ሙከራ የይለፍ ቃላቸውን አልፈው ኮዱ ላይ ደረሱ። ኮዱን ስልካቸው ያነብላቸዋል። ሲጽፉት ግን የተደበቀ ስለሆነ የትኛውን አሃዝ እንደነኩ አይሰሙም። የኮዱ ሞጁል የሚጻፈው ቁጥር እንዲታይ የሚፈቅድ አማራጭ ነበረው። በማዘዣው ፋይል ላይ አንድ ቃል ጨመርን፤ ሞጁሉ ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን ዓይነት ጥያቄ መላክ ጀመረ። ኮልባኩን አልነካነውም። ስክሪን ሪደሩ እያንዳንዱን አሃዝ በጆሮ ማዳመጫቸው አነበበላቸው፤ ገቡ። «አሁን ገና አናገረኝ» ነበር ያሉት። አልሐምዱሊላህ።

ይህ አሠራር በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አይቀርም። ከሩቅ በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨር ስንገባም ጥያቄው ከሞጁሉ ተነስቶ በኔትወርክ እኛ ጋ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው 4256ኛው አርኤፍሲ ሰርቨሩ የጥያቄውን ጽሑፍና «የሚጻፈው ይታይ ወይስ ይደበቅ» የሚለውን ምልክት ወደ ተጠቃሚው ፕሮግራም እንዲልክ ይደነግጋል። እዚህ ያለው ፕሮግራም እዚያ ስንት ሞጁል እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም።

በጃቫም ጃስ የሚባለው ክፍል በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው። እዚያ የስም ጥያቄ፣ የይለፍ ቃል ጥያቄ፣ የምርጫ ጥያቄና የሚነገር መልእክት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክላስ አላቸው። የይለፍ ቃሉ በስትሪንግ ሳይሆን በፊደላት አሬይ ይያዛል፤ ከተጠቀምንበት በኋላ እንድንደመስሰው። ተቀባዩ የማያውቀው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣለት ደግሞ «ይህን አላውቀውም» የሚል ኤክሴፕሽን እንዲወረውር ተብሎ ተዘጋጅቶለታል።

ይህን ሳነብ የመድረሳው ኡስታዛችን ትዝ አሉኝ። በሒፍዝ ሰዓት አንድ ልጅ የሚቀጥለው ሲጠፋው ቆም ቢል አይቆጡም ነበር፤ ያስታውሱታል፣ ይቀጥላል። የጠፋውን በግምት ሞልቶ የሚያልፈውን ልጅ ግን ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። «አላውቅም ያለ ይማራል፤ የገመተ ሰው ያሳስታል» ይሉን ነበር። የቆመ ልጅ የት ጋ እንደሚረዳ ይታወቃል፤ የገመተው ግን ለሰሚውም አስቸጋሪ ነው። የዚያ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮልባክ ይገምት ነበር። መገመቱ የተመቸው ለአንድ ዓይነት ሰውና ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰውየው ወይም ጥያቄው ሲለወጥ ደጅ የቀሩት ጋሼ ናቸው።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ትጽፋላችሁ፣ ኢንሻአላህ። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ነገር ሞክሩ። የመጀመሪያው፣ ያልጠበቃችሁትን ጥያቄ የሚጠይቅ ሁለተኛ ሞጁል ተክላችሁ ኮልባካችሁ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው። ሁለተኛው፣ ስክሪን ሪደር ከፍታችሁ፣ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ለመግባት መሞከር ነው። ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ካልገባችሁ፣ የማይገባ ሌላ ሰውም አለ ማለት ነው።