በስህተት የገባ ገንዘብ

የሱቃችን ሳጥን 4,600 ብር ጎደለ። ባለቤቴ ሂሳቡን ሁለቴ ደመረና ዓይኑን ወደ ልጁ አዞረ። ልጁ ከጎጃም መጥቶ ሁለት ዓመት አብሮን የሠራ ነው። ብሩ የት እንደገባ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ነገሩ የተጀመረው መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ዓርብ፣ የስቅለቱ መታሰቢያ። ዋናው ክብረ በዓል ጾም ስለሚገጥመው ወደ ጥቅምት 27 ቢዛወርም፣ ቀራንዮ የሚኖር ሰው የመጋቢቱን መድኃኔዓለም አይረሳም፤ የሠፈራችን ስም ራሱ ከዚያው ነውና። አስቀድሼ ወደ ሱቅ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። «ውድ ደንበኛ፣ 4,600 ብር ደርሶዎታል» ይላል፤ ሰዓቱም የግብይት ቁጥሩም አለው። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ የሽማግሌ ድምፅ ደወለ።

«ልጄ፣ አንድ ቁጥር ተሳስቼ የሕክምና ገንዘብ ላንቺ ላክሁት። ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ መልሺልኝ።»

ወቅቱን አስታውሱልኝ። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ብዙ ሰው፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ አድሯል። ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አውጥቶ ለጠፈ። በሱቄ መስኮት የሚወራው ይኸው ብቻ ነበር፤ «የሰው ገንዘብ እንዴት ቤት ያድራል!» እያሉ ከሚጮኹት አንዷ ደግሞ እኔ። ታዲያ የሰው ብር ስልኬ ውስጥ ገብቶ እንዴት ልቀመጥ? የሚገርመው፣ ክፉ ሰው ብሆንና ስልኩን ዘግቼ ዝም ብል ኖሮ አንድ ሳንቲም አይጎድልብኝም ነበር።

የቴሌብር ሂሳቤን የማየት ሐሳብ ሽው ብሎብኛል። *127# መደወል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን የሚያለቅስ ሽማግሌን «ቆዩ፣ እውነትዎን መሆኑን ላረጋግጥ» ማለት ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ላክሁለት። አመስግኖ መረቀኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር።

ማታ ሂሳቤን ሳየው የገባ ነገር የለም። መልእክቱን እንደገና አነበብኩት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ስንት መቶ መልእክት ደርሶኛል፤ የሁሉም ላኪ 127 ነው። ይኼኛው በ09 ከሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ ነበር። ጽሑፉ ከእውነተኛው ቃል በቃል ተገልብጧል፤ የጎደለው መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ቀሪ ሂሳብ ብቻ ነው። ሌባው የእኔን ቀሪ ሂሳብ ከየት አምጥቶ ይጻፈው? የወሩን 27 የማልስት ሴት 127ን ሳላይ ቀረሁ። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው።

የላክሁት ብር የአከፋፋያችን ነበር። በማግሥቱ ከሳጥኑ 4,600 ብር አንስቼ ወኪል ጋ ሄጄ በስልኬ አስሞላሁና ለአከፋፋዩ ከፈልኩ። ለፖሊስም አላመለከትኩም፤ ፖሊስ ጋ መሄድ ማለት ለባለቤቴ መናገር ነበር። «ሌላው ቢታለል እሺ፣ አንቺ?» እንዳይለኝ ፈራሁ። አጭበርባሪ ሲደውልላቸው የሚስጥር ቁጥራቸውን የሰጡ ጎረቤቶቼን ስስቅባቸው ሰምቶኛላ።

ልጁ «አልወሰድኩም» ካለ በኋላ አልተከራከረም። ጉድለቱ በአራት ወር ከደመወዙ ተቆረጠ። በአምስተኛው ወር ዓለም ባንክ አካባቢ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሲሰናበተኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ትከሻውን ይዤ አስቀረሁት። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

የተናገርኩት በጥቅምቱ መድኃኔዓለም ዋዜማ ነው። ባለቤቴ አልጮኸብኝም፤ ሌሊቱን ጀርባውን ሰጥቶኝ አደረ። ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት 4,600 ብሩን ለልጁ ላክሁለት። ምን ብዬ እንደምደውልለት ሳሰላስል ቀድሞኝ ደወለ።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? መልእክቱ ከ127 ነው፣ ሂሳቤንም አይቼዋለሁ፣ እውነት ገብቷል። በስህተት ልከውብኝ ይሆናል ብዬ ነው። ልመልስልዎ?»