የሜዳው ሕግና ጋሬጣው

ባለፈው ሴሚስተር ላይብረሪ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ገብተን ሳለ ስለ ጎልፍ የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ እጃችን ገባ። ጎልፍ ሲባል መቼም የአብዛኞቻችን ዕውቀት በፊልም ካየነው ነጭ ሱሪና በለምለም ሣር ላይ ከሚንከባለል ትንሽ ኳስ አያልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ እንዳለው ብንሰማም፣ ሣሩን የረገጠ ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ መጽሐፉን የገለጥነው ለመሳቅ ነበር። ደግሞም ሳቅን።

ያሳቀን ነገር እንዲህ ነው። የጎልፍ ዋናው ሕግ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው። ነገር ግን የሜዳ ጠባይ እንደ ሰው ጠባይ የተለያየ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ክለብ ለራሱ ሜዳ ብቻ የሚሠራ «የአካባቢ ሕግ» እንዲጨምር ይፈቀድለታል። ከየትኛው አጥር ወዲያ ያለው ከሜዳ ውጭ ይባላል፤ ኳሷ ኩሬ ውስጥ ብትገባ ምን ይደረጋል፤ መንገድ ላይ ብታርፍስ? ይኼ ሁሉ በአንዲት ካርድ ላይ ታትሞ ለተጫዋቹ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1744 በስኮትላንድ የሌይዝ ጨዋታ ወዳዶች ያወጡት የመጀመሪያው የጎልፍ ሕግ 13 አንቀጽ ብቻ ነበረው። ከነዚያ አንዱ፣ ኳሷን ሰው ወይም ፈረስ ወይም ውሻ ቢያግዳት፣ ካረፈችበት ቦታ ትመታለች ይላል። ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ በሚባለው ከተማ ደግሞ፣ ኳሷ ጉማሬ በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ብትወድቅ ተጫዋቹ አንስቶ ሌላ ቦታ እንዲያኖራት ይፈቀድ ነበር። ከሁሉ የባሰው በለንደን ዳርቻ ያለው የሪችመንድ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው ነው። የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማውን በቦምብ በሚደበድቡበት ጊዜ፣ ቦምብ በሚወርድበት ሰዓት ተጫዋቹ ጨዋታውን አቋርጦ ቢሸሸግ አይቀጣም አሉ። በሚመታበት ቅጽበት ቦምብ ፈንድቶ ቢያስደነግጠው ግን፣ ሌላ ኳስ መምታት ይችላል፤ ያውም በአንድ ምት ቅጣት! እዚህ ላይ የላይብረሪው ሠራተኛ «ውጡልኝ» እስኪለን ድረስ ሳቅን።

ውጭ ቆመን ገና ስንስቅ፣ ከመካከላችን የወንጪ ተወላጅ የሆነው ልጅ «ምን ያስቃችኋል? የኛም ሜዳ እኮ እንዲሁ ነው» አለ። የትኛው ሜዳ? «የገና ሜዳ ነዋ!» የበዓሉ ዕለት በዱላ ጥንግ የሚመቱበትን ሜዳ ማለቱ ነበር። በዚሁ ተነሣና፣ የገና ዋዜማ ከአምቦ ተነሥተን ወደ ሐሮ ወንጪ ወጣን።

ቦታውን ያላየ ጓደኛ ቢኖር ጥቂት እንበል። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በመካከሉ ደሴት አለ፤ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። አፋፉ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነውና፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ጓደኛችን ገና ሳይሮጥ ማለክለክ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ስለቆጠረው፣ ስሙን ያልሰማ አሁን ጥቂት ነው። ሜዳውን ግን እንግዳ አያውቀውም። ከአፋፉ ላይ፣ በገብስ ማሳና በእንሰት ጓሮ መካከል የተረፈ የከብት ግጦሽ ነው። ወደ ሐይቁ የሚወርደው የፈረስ መንገድ ዳሩን ይዞ ያልፋል።

የገና ጨዋታን መቼም ማስረዳት አያሻም። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት የተቀረጸች ጥንግ (አንዳንዱ ሩር ይላታል፤ በኦሮምኛ ቂሌ ይሉታል)፣ ሁለት ወገን፤ በቃ። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢነካው ጌታ አይቆጣም ሲባል ያደግን ስለሆንን፣ ሕግ የሌለው ጨዋታ ይመስለን ነበር። ለካ ተሳስተናል!

በዋዜማው ማታ፣ እሳት ዳር፣ የጓደኛችን አያት ሕጉን ነገሩን። ሽማግሌው በኦሮምኛ ሲናገሩ ጓደኛችን እየተረጎመ፣ እኛ በጀርባው የሌክቸር ኖት ባለበት ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፍን፦

አንደኛ፣ ዱላ ከወገብ በላይ አይነሣም።

ሁለተኛ፣ ጥንግ የንብ ቀፎ ካለበት ጓሮ ከገባች፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የንቦቹ ናት፤ በሌላ ጥንግ ይቀጠላል።

ሦስተኛ፣ ያልታጨደ ማሳ ውስጥ ከገባች ባለማሳው ብቻ ገብቶ ያወጣታል። ባለማሳው ለየትኛውም ወገን ቢጫወት፣ ወደፈለገበት አይወረውርም።

አራተኛ፣ ፍልፈል በቆፈረው ጉድጓድ ከገባች በእጅ ወጥታ መካከል ትጣላለች።

አምስተኛ፣ ፈረስ ወይም ከብት ያቆማት ጥንግ ከቆመችበት ትመታለች፤ እንስሳው አይመታም። (እዚህ ላይ ተያየን። የሌይዝ ሰዎች ወንጪ መጥተው ነበር እንዴ?)

ስድስተኛ፣ የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ዱላ መሬት ይቀመጣል። አሁን አሁን እንግዳ የጫነ ፈረስ ሲያልፍም ይቆማል፤ ይህቺ አዲስ ናት።

ሰባተኛ፣ ሰው ያቆሰለ ሰው፣ በማግስቱ ቡና ይዞ ከቁስለኛው ቤት ይሄዳል።

ስምንተኛ፣ ከኮሶው ዛፍ ወዲያ ያለፈች ጥንግ የማንም አይደለችም።

ስምንተኛዋን ስንሰማ አንዳችን «ለምን?» አልን። ሽማግሌው «ገደል ነዋ» አሉና እሳቱን ቆሰቆሱ። እኛም ጻፍንና አለፍን።

በበዓሉ ዕለት፣ ውርጩ ከሣሩ ሲለቅ ጨዋታው ተጀመረ። ጥንጓን መካከል የጣሉት አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሰው ነበሩ። እኛ እንግዶቹ ከላይኛው መንደር ጋር ሆንን። የሚገርመው፣ ጥንጓን የነካናት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ሰዓት ያሳለፍነው ትንፋሽ በመፈለግ ነው። ያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ወገናችን አየለ፤ አንድ ምት ብቻ ቀረን። በዚህ መካከል የታችኛው መንደር ልጅ ጥንጓን ወደ ጎን መታት፤ እየነጠረች፣ እየነጠረች በኮሶው ዛፍ ሥር አለፈች።

የአገሩ ልጆች በሙሉ ባሉበት ቆሙ። ከኛ አንዱ ግን ሮጠ። እኛስ ምን አደረግን? «ሩጥ! ሩጥ!» አልን። ለምን እንዳልን እስከ ዛሬ መልስ የለንም። ሕጉን በገዛ እጃችን ከጻፍነው ገና አንድ ሌሊት ቢያልፈው ነው፤ ወረቀቱም ኪሳችን ነበር።

ጓደኛችን ሣሩ ላይ አዳለጠውና ከዓይናችን ተሰወረ። ያን ጊዜ በሜዳው ላይ የነበረውን ዝምታ መግለጽ አንችልም። የታችኛው መንደር ልጆች፣ እነዚያ ስንፎካከራቸው የዋልነው፣ ከኛ ቀድመው ደረሱ። ነጠላ ከነጠላ ቋጥረው፣ አንዱ የአንዱን እጅ ይዞ ወረዱ። ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ የአስታ ቁጥቋጦ ይዞት አገኙት። ከቁጥቋጦው በታች ምንም የለም፤ ከሩቅ ሐይቁ ብቻ ነው። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አሠረለት፤ በማግስቱ አምቦ ወርዶ ራጅ ተነሣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚህ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም።

የዚያን ዕለት ማታ ክርክር ያዝን። «ሩጥ» ያለው ማነው? እያንዳንዳችን እኔ አይደለሁም አልን። በዩኒቨርሲቲ ስለ ኃላፊነት ስንት ገጽ ወረቀት የጻፍን ሰዎች፣ አንዲት ቃል የሚቀበላት ባለቤት አጣንላት። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆዩና «ጥንግ እኮ እንጨት ናት። ነገ ሌላ እንቀርጻለን። ልጅ አይቀረጽም» አሉ። ቀጥለውም ትናንት ያልነገሩንን ነገሩን። እርሳቸው ጎረምሳ ሳሉ አንድ አብሮ አደጋቸው ከዚያው ቦታ ወድቆ ሞቷል። ኮሶው ወሰን የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ዱላ ከወገብ በላይ አይነሣም የተባለውስ? ጥንጓን የጣሉትን ሰውዬ አይታችኋቸዋል አሉ። አዎ አይተናቸዋል፤ ግን አልጠየቅንም።

ከተመለስን በኋላ ያንን መጽሐፍ እንደገና አወጣነው። አሁን አላሳቀንም። የጂንጃ ሰዎች ስለ ጉማሬ ኮቴ የጻፉት ለቀልድ ሳይሆን፣ ጉማሬ በሌሊት ከውሃ እየወጣ ሜዳቸው ላይ ሲግጥ ስለሚያድር ነው። የሪችመንድ ሰዎችም ቢሆኑ ቀልድ ቢቀላቅሉበትም፣ ቦምቡ እውነተኛ ቦምብ ነበር፤ ሳይፈነዳ የቀረው ያለበትን ቦታ በቀይ ባንዲራ ያመለክቱ ነበር። ዋናው ሕግ ጨዋታው ምን እንደሆነ ይነግርሃል። የአካባቢው ሕግ ግን እዚህ ቦታ ላይ ማን እንደተጎዳ ነው የሚነግርህ። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ሁለተኛውን ነው የሚንቀው፤ ምክንያቱ ስለማይጻፍ አጉል ልማድ ይመስለዋል። ከኛ ብዙዎቻችን ነገ ተመርቀን ወደማናውቀው ወረዳ እንመደባለን። እዚያ «እንዲህ አይደረግም» ስንባል፣ ከመሳቃችን በፊት «ለምን?» ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ አንዲት ቃል ብትሆን እንኳ እስኪያስረዱን ብንታገሥ ምናለበት?

ስምንቱን ሕግ በደህና ጽሕፈት ገልብጠን፣ ጓደኛችን አገሩ ሲሄድ ለአያቱ እንዲያነብላቸው ላክን። ሽማግሌው አስነብበው ሲያበቁ «ደግ ነው፤ ግን አንድ ይጨመር» ማለታቸውን ነገረን። ስለዚህ የወንጪው ሜዳ ሕግ ከዘንድሮ ጀምሮ ዘጠኝ ሆኗል፦

ዘጠነኛ፣ ወደ ኮሶው ለሚሮጥ ሰው፣ ዳር የቆመ «ተመለስ» ይላል እንጂ «ሩጥ» አይልም።